ማክስ ሪክተር፦ ደራሲ ወይስ አቀናባሪ?

አወያይ፦ በእኛ አነጋገር ዜማ የሚፈጥረው ደራሲ፣ የተፈጠረውን ለመሣሪያዎች የሚያደላድለው አቀናባሪ ይባላል። ጀርመን ተወልዶ በእንግሊዟ ቤድፎርድ ያደገው ማክስ ሪክተር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ደራሲ የቪቫልዲን «አራቱ ወቅቶች» እንደገና ጽፎ ካወጣ ወዲህ በየትኛው ስም ይጠራ የሚለው ያከራክራል።

የቫዮሊን ተማሪ፦ እኔ አቀናባሪ ነው እላለሁ። ከቪቫልዲ ሦስት አራተኛውን እንደጣለ ራሱ ተናግሯል፤ ሥራውን ያስወደደው ግን አድማጩ ቀድሞ በልቡ የያዘው የቀረው ሩብ ነው። የራሱ የሆነው «ኦን ዘ ኔቸር ኦፍ ዴይላይት» እንኳ ስድስት ደቂቃ ያህል በአንድ የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ቅደም ተከተል ላይ ይመላለሳል፤ ፊልም ሠሪዎችም ተመልካች ማስለቀስ ሲያምራቸው ያነሱታል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶማስ አዴስ በ1997 «አሳይላ» በተባለው ሥራው ውስጥ የጭፈራ ቤት ቴክኖን ለሙሉ ኦርኬስትራ ሲጽፍ ድግግሞሹ ሲናጥ ይሰማል፤ ሪክተር ዘንድ ምንም አይናጥም።

የሌሊት አድማጭ፦ ወንድሜ፣ ከ«አራቱ ወቅቶች» «ፀደይ»ን እንደገና ቀርበው ያድምጡት። ቪቫልዲ ወፎችን ለማስመሰል የጻፋትን አጭር የቫዮሊን ሐረግ ሪክተር ነጥሎ ያነባብራታል፤ የወፎቹን ጫጫታ ወደ ትካዜ የሚለውጡት፣ ከሥር የሚገቡት ወፍራም ድምፅ ያላቸው አውታሮች ግን የራሱ ናቸው። በውስብስብ ሥራዎቹ ከሚታወቀው ጣሊያናዊ ደራሲ ከሉቺያኖ ቤርዮ የተማረ ሰው ውስብስቡን ትቶት እንጂ አቅቶት አይደለም። የፊልሙን ነገር ካነሡ ደግሞ፣ የ2016ቱ «አራይቫል» በዚያው በነቀፉት ሥራ ተከፍቶ በዚያው በመዘጋቱ፣ የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው ዮሐን ዮሐንሰን ለኦስካር ሳይቀርብ ቀርቷል፤ ተመልካቹን የነካው የማን ድምፅ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል ተብሎ ነው። ይህን ያህል የሚጫን ሙዚቃ ማደላደል ብቻ ሊሆን አይችልም።

የቫዮሊን ተማሪ፦ በወፎቹ ሐረግ ረትተውኛል፤ በቪቫልዲው ላይ ደራሲ ልበለው። ቢቢሲ ሬዲዮ 3 በ2015 ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በቀጥታ ያስተላለፈው ስምንት ሰዓት የሚረዝመው የሪክተር «እንቅልፍ» ግን አሁንም አይዋጥልኝም። ታዳሚው አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የተከታተለውን ሥራ ማን ይፍረደው? የሕዝብ ሬዲዮ ለአንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሚሰጥ፣ ሰዓቱን ሰሚ ላጡ ወጣት ደራሲዎች ቢያካፍለው ይሻል ነበር።

የሌሊት አድማጭ፦ በሰዓቱ ክፍፍል አልከራከርዎትም። እኔ ግን ቅጂውን አንድ ሌሊት ሳልተኛ ሰምቼዋለሁ፤ ቡናም ረድቶኛል። ቃል አልባው የሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት) ድምፅ ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ፣ ያው ዜማ መሆኑን እያወቅሁ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።