ዳኛው ተቀይረዋል፣ ሐሙስ ከየት ልጀምር?

ሰላም ወገኖቼ። ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ለአንድ ዘመዴ 85,000 ብር አበድሬ አልመልስ ስላለኝ ከስሼዋለሁ። ቀጠሮዬ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ለጠበቃ አቅም የለኝም።

መዝገቡን የያዙት ዳኛ ተቀይረዋል። አዲሱን አላውቃቸውም። ኮስታራ ናቸው ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያ ችሎት ፊት በማመን ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ወረቀቱ እጄ ላይ አለ። የደብተር ቅጠል ነው፤ ሁለታችንም ፈርመናል፣ ሁለት ምስክሮችም አሉበት። ግን ታጥፎ ታጥፎ መሃሉ ሊቀደድ ደርሷል። የአንዱ ምስክር ፊርማ እጥፋቱ ላይ ደብዝዟል። ፕላስተር ልለጥፍበት ወይስ አልንካው? ኮፒው ከክሱ ጋር ተያይዟል፤ ዋናውን ይዤ እቀርባለሁ።

ሌላው ጭንቄ፣ ስናገር እንባ ይቀድመኛል። ዳኛው ሲጠይቁኝ ከቀኑና ከብሩ ልጀምር ወይስ ከዝምድናችን? ጽፌ ማየትስ ይፈቀዳል? ጓደኛዬ «ቀድመሽ ሄደሽ የሌላ ሰው ክርክር ተቀምጠሽ እዪ» ብላኛለች። ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ።

ደሴም ኮምቦልቻም በዚህ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ እስከ ረቡዕ ማታ ንገሩኝ።