ጥቆማ፦ ለዚህ ሙቀት የአይስክሬም ማሽን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ላላችሁኝ

ሙቀቱ ከገባ ጀምሮ ይሄ ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለበዛብኝ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልዘርግፈው ብዬ ነው። ባለፉት ሦስት የሙቀት ወቅቶች እቤት ያልሞከርኩት የለም ማለት ይቻላል፣ ግማሹን ገዝቼ ግማሹን ከጓደኛ ተውሼ።

አጭሩ መልሴ ማሽኑን አሁን አትግዙ ነው። መጀመሪያ ሞልድ (ፈሳሹን ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ የምታጠጥሩበት ቅርጽ ማውጫ) ግዙና አንድ ወር ሥሩበት፣ በሳምንት ስንቴ እንደምትሠሩ ያኔ ታውቁታላችሁ፣ ብዙ ሰው ማሽኑን ሁለቴ ተጠቅሞበት ቁምሳጥን ላይ ነው የሚሰቅለው።

ሞልድ በብዛት ያለው ሦስት ዓይነት ነው። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው ግን ፍሪዘር ውስጥ ሲቆይ ይሰነጠቃል፣ የኔ የመጀመሪያው እጀታው የተሰበረው ገና በሁለተኛ ወሩ ነው። ሲሊኮኑ አይሰበርም፣ ከታች ገፋ ስታደርጉት አይስክሬሙ ወዲያው ይወጣል፣ ልጆች ላሉበት ቤት እሱን ነው የምመክረው፣ ችግሩ ልፍስፍስ ስለሆነ ሞልታችሁ ስታነሱት ይደፋል፣ ስለዚህ ባዶውን ትሪ ላይ አስቀምጣችሁ ነው መሙላት ያለባችሁ። ደሞ ሽታ ይይዛል! ፍሪዘር ውስጥ ሽንኩርት ወይ ዓሣ ካለ ማንጎው የዓሣ ሽታ ይዞ ይወጣል፣ ክዳን ያለውን ምረጡ። ስቲሉ ቅዝቃዜ ቶሎ ስለሚያስተላልፍ ቶሎ ይጠጥራል፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሰከንድ ነከር ስታደርጉት ሸተት ብሎ ይወጣል፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። እኔ አሁን የያዝኩት እሱን ነው። ምንም መግዛት ለማይፈልግ የወረቀት ኩባያ ይበቃል፣ አፉን በፎይል ሸፍኖ መሀሉን በስቶ እንጨቱን መሰካት ነው፣ ፎይሉ እንጨቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሲደርስ ወረቀቱን መላጥ ብቻ። የትኛውንም ብትይዙ እስከ አፉ አትሙሉት፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይሰፋል።

አሁን "የኔ ድንጋይ ሆነብኝ" ለምትሉት። ስኳሩን ቀንሳችሁት ነው። ስኳር ለጣዕም ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ በረዶ እንዳይሆን ስለሚያደርግ ነው አይስክሬም ለስለስ የሚለው፣ ቅባትም እንደዛው ያግዛል። ብርድ ደግሞ ምላስን ስለሚያደነዝዝ ፈሳሹን ስትቀምሱት ትንሽ "በዛ" የሚል ጣፋጭነት ሊኖረው ይገባል፣ ከፍሪዘር ሲወጣ ልክ ይመጣል። ከልክ በላይ ከጨመራችሁ ግን ጭራሽ አይጠጥርም። ሐብሐብ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ብቻውን በረዶ ነው የሚሆነው፣ ከማንጎ ወይ ከእርጎ ጋር ደባልቁት።

ስኳር ጭራሽ ለማይፈልግ ሰው ሙዝ! በጣም የበሰለውን ቆራርጦ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር፣ ጠዋት ብሌንደር ውስጥ መክተት። መጀመሪያ ፍርፋሪ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ እዛች ጋ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ ወተት የሚጨምረው፣ አትጨምሩ፣ አጥፍታችሁ በማንኪያ ወደ ታች አውርዱትና እንደገና ፍጩት፣ ሦስት አራቴ ስትመላለሱ በአንዴ ክሬም ይሆንላችኋል። እኔ ይሄን ሳይ የመጀመሪያ ቀን በጣም ነው የገረመኝ፣ ሌላ ምንም የለውም እኮ፣ ሙዝ ብቻ ነው።

እሺ፣ የግድ ማሽን እገዛለሁ ለምትሉ። የማሽን ሥራ እየቀዘቀዘ እያለ ማማሰል ነው፣ የበረዶ ቅንጣቶቹ እንዳይተልቁ ያደርጋል አየርም ያስገባል፣ ልስላሴው ከዛ ነው የሚመጣው። ርካሹ ጎድጓዳ ሳህኑ ቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ የሚቀመጠው ነው፣ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ማደር አለበት፣ አንድ ዙር ከሠራችሁ በኋላ ለሚቀጥለው እንደገና ማሳደር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ፍሪዘራችሁን በሜትር ለኩ እባካችሁ፣ እኔ ገዝቼ መጥቼ አልገባ ብሎኝ አንዱን መሳቢያ አውጥቼ ነው ያስገባሁት። ባለ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ያቀዘቅዛል፣ ደጋግሞ መሥራት ይቻላል፣ ግን ከባድ ነው ቦታም ይይዛል ዋጋውም ሌላ ነው፣ በየሳምንቱ ለብዙ ሰው ለሚሠራ ብቻ ነው የምለው።

ሦስተኛው በእጅ የሚዞረው ነው፣ በረዶና ጨው ዙሪያውን የሚሞላው። ናንሲ ጆንሰን የምትባል ሴት በ1843 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያወጣችበት አሠራር ነው እስካሁንም ያው ነው። ጨው በረዶውን ያቀልጠዋል፣ ሲቀልጥ ደግሞ ከዙሪያው ሙቀት ስለሚስብ ድብልቁ እስከ -21 ዲግሪ ድረስ ሊወርድ ይችላል፣ -18 ከሆነው ተራ ፍሪዘር የበለጠ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ማሽኑ ባይኖርም ወተት ስኳርና ክሬሙን በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ፣ እሱን ደግሞ በረዶና ጨው ባለበት ትልቅ ላስቲክ ውስጥ ከቶ 10 ደቂቃ ያህል መነቅነቅ ነው። እጅ ስለሚያቃጥል በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ልጆቹ ተራ በተራ ይነቅንቁት።

በወር አንዴ ለሚሠራ ግን የኔ ምርጫ ያለ ማሽን የሚሠራው ነው። ግማሽ ሊትር ክሬም እስኪቆም ድረስ መትቶ አንድ ጣሳ ጣፋጭ ወፍራም ወተት (ኮንደንስድ ሚልኩን) ቀስ አድርጎ መደባለቅ፣ ስድስት ሰዓት ፍሪዘር፣ አለቀ። ከርካሹ ማሽን የተሻለ ነው የወጣልኝ ስል ከልቤ ነው።

እንቁላል የምታስገቡ ሰዎች 71 ዲግሪ እስኪደርስ አብስሉት። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ያለበትን በፍጹም አትስጡ። የቀለጠውንም መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

ከአይስክሬሙ ጋር አብራችሁ ክፍሉን ለማቀዝቀዝ ፋን ልግዛ ወይስ ውሃ የሚሞላው ኩለር ላላችሁኝ ደግሞ፣ አየራችሁ ደረቅ ከሆነ ኩለሩ ጎበዝ ነው፣ ግን መስኮት ከፈት ማድረግ አለባችሁ አለዚያ ክፍሉን እርጥበት ይሞላዋል። ወበቅ ባለበት ቦታ ገንዘባችሁን አታውጡ፣ አይሠራም። ፋን አየሩን አያቀዘቅዝም ላባችሁን ነው የሚያደርቀው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፋን ሰውነትን ጭራሽ ያሞቃል ነው የሚለው። እርጥበቱንም ሙቀቱንም የሚያወጣው ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ ማሽን) ብቻ ነው። እስከዛው ፀሐይ የሚያገኘውን መስኮት ቀን በመጋረጃ ዝጉ፣ ማታ ክፈቱ፣ እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ።

ለእናቴ የትኛውን ልግዛ ብለሽ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ ላንቺ ማሽኑም ኩለሩም ይቅር። የወረቀት ኩባያ ውስጥ እርጎና ማንጎ ሥሪላቸው፣ ትንንሽ አድርገሽ፣ የስኳር በሽታ ካለባቸው ሙዙንም ማንጎውንም ሐኪማቸውን ጠይቂ። ውሃ ግን በየሰዓቱ ራስሽ ስጫቸው፣ ትልልቅ ሰዎች ጥማቱ ቶሎ አይሰማቸውም። ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ወይ ሰውነታቸው እንደ እሳት ከጋለ አይስክሬም አይደለም የሚያስፈልጋቸው፣ በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዝሻቸው ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።