ስግደት ተከለከልኩ፣ ልቤም አብሮ ደከመ

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምመታው እኔ ነበርኩ። ዓምና የዲስክ መንሸራተት ያዘኝና ሐኪሙ መጎንበስም ከባድ ማንሳትም ከለከለኝ። ጻድቃኔ ማርያም ወርጄ ሁለት ሱባኤ ተጠመቅሁ፤ ሕመሙ ቀለል አለ እንጂ አልለቀቀኝም። ዘንድሮ ሁዳዴን ያለ ስግደት ጾምኩ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ እኔ ብቻ፣ በዚያ ብርድ፣ ግድግዳ ተደግፌ ስቀመጥ እንባዬ ይመጣል። የንስሐ አባቴ 2ኛ ቆሮንቶስ 12ን አንብብ አሉኝ። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» ነው የተባለው። ቃሉን አምናለሁ። ግን ጠዋት ስነሳ የሚሰማኝ ድካሙ እንጂ ኃይሉ አይደለም፤ ልጸልይ ስልም «ለምን እኔ» ከሚለው አላልፍም። በሕመም ያለፋችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መቆምና መስገድ ሲያቅታችሁ በየቀኑ ምን እያደረጋችሁ ነው በእግዚአብሔር የበረታችሁት?