ጎንደር ላይ የቆየ መኪና ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ቮልስ፣ ላንድሮቨር ወይስ ፔጆ?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች በየተራ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስላነሡልኝ መልሱን አንድ ላይ መጻፍ መረጥሁ። ጥያቄው፣ ጎንደር ውስጥ ራስ ለመንዳትም ሆነ ለሠርግ ለማከራየት የቆየ መኪና ቢገዛ የትኛው ይሻላል፣ ማንስ ቢመረምረው ጥሩ ነው የሚል ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ እንዳይገቡ ስለተከለከሉ ምርጫችን አገር ውስጥ ባሉት ላይ ነው። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ ኮፋኖ ከፍቶ ሞተር ያዳምጣል፤ እኔ ግን ሞተሩን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ሞተር ወርዶ እዚሁ ከተማችን ይታደሳል፤ የበሰበሰ ላሜራና የተበላሸ ወረቀት ግን ከመኪናው ዋጋ በላይ ሊያስወጡ ይችላሉ።

ስለዚህ ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) እጀምራለሁ። የእነዚህ መኪናዎች የመጀመሪያ ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ በሕይወት የሉም፤ መኪናውም የስም ዝውውር ሳይደረግለት ለዓመታት በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ሊሆን ይችላል። ውክልና ደግሞ ወካዩ ሲሞት ስለሚቀር፣ ሻጩ የያዘው ወረቀት የቱንም ያህል ማኅተም ቢበዛበት የመሸጥ ሥልጣን አይሰጠውም፤ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥተው ራሳቸው መፈረም አለባቸው። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ፤ የሻንሲውን (የመኪናውን አፅም) እና የሞተሩን ቁጥርም ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መካከል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ በታች ነው። የቮልስ ሞተር በቀላሉ የሚቀየር በመሆኑ ሁለተኛው ቁጥር ሳይገጥም ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ።

መቀመጫውን ካነሣችሁ አይቀር ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ ባትሪው ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያዋን ቮልስ ስገዛ ቀለሟ ዓይን ይወጋ ስለነበር መቀመጫውን ማንሣት ትዝም አላለኝም። ቤት ካስገባኋት በኋላ ምንጣፉን ገልጬ ከባትሪው አጠገብ በአውራ ጣቴ ብጫነው፣ ወለሉ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጠቀና ከሥሯ የተነጠፈውን ኮብልስቶን አየሁት። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ለዓመታት በልቶት ኖሯል። ሻጩ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምንጣፉ አዲስ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ከተበላሸ ሬድዮ ያወጣኋትን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ በበሩ ግርጌና በጎማው ዙሪያ ሳስጠጋት ካልያዘች፣ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ (ቀዳዳ የሚደፈንበት ልጥፍ) ነው።

ይህ ዘዴ ለላንድሮቨር አይሠራም። የአሮጌው ላንድሮቨር አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት የሚይዘው ጥቂቱን ነው፤ ሰዎችም «ላንድሮቨር አይዝግም» የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ይዝጋል፣ ያውም ከውስጥ። ከሥሩ ተኝታችሁ፣ በተለይ ባሌስትራው (መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) የሚታሰርበትን አካባቢና የኋለኛውን ጫፍ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉ፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ወደ ደባርቅና ከዚያም ወዲያ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ግን ከሦስቱ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን አትርሱ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቦራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ 34 የፈረስ ጉልበት ያላት 1200 ቮልስ እዚህ ወደ 27 ትወርዳለች ማለት ነው። ስለዚህ ሙከራችሁ በፒያሳ ዙሪያ ሳይሆን ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ይሁን። መኪናው ቮልስ ከሆነ፣ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፉና የኋላውን ትልቅ ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቡት፤ የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሞተሩ መታደስ አለበትና ዋጋው ይቀነስላችሁ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ቺንጋዋ ስትበጠስ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም አብሮ ስለሚቆም፣ ትርፍ ቺንጋ ሳይዙ ከከተማ መውጣት አይገባም። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት አብዛኞቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ባትሪና አምፖላቸው እንደ 12 ቮልቱ በየሱቁ አይገኝም።

ፔጆ 404 እና 504 ለረጅም መንገድ ምቾታቸው ከሁለቱም ይበልጣል፤ የቤንዚን ሞተራቸውም ሲሊንደሩ ተነቅሎ በአዲስ የሚተካ ስለሆነ ለዕድሳት ይመቻል። ላዳን ርካሽ ነው ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ ቢሆንም ሞተሩና የኋላ ፍሬኑ የተለዩ ስለሆኑ የአንዱን ዕቃ ለሌላው አገኛለሁ ብላችሁ አትግዙ።

ለምርመራ ከዘመናዊ ጋራዥ ይልቅ በካርቦራተር ዘመን የሠራ ሽማግሌ መካኒክ ይሻላል፤ እዚሁ ጎንደር እንዲህ ያሉ አባቶች ዛሬም አሉ። ኮምፒውተር የሚሰካበት ቦታ የሌለውን መኪና ኮምፒውተር ለለመደ ልጅ ማሳየት ገንዘብ ማባከን ነው። ከመካኒኩ ሌላ አንድ ላሜራ ሠሪ ለብቻው ከፍላችሁ ውሰዱ፤ መካኒኩ የማያየውን እሱ ያያል። መለዋወጫ ግን በአብዛኛው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጥታችሁ ነው። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ስለተመረተች በዚህ በኩል ከሁሉም ትሻላለች። መኪናውን ራሱን አዲስ አበባ ከገዛችሁት ደግሞ፣ ሻጩ «ነድታችሁት ሂዱ» ቢልም እስከ ጎንደር ያለውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በሎቤድ (መኪና በሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ) አስጭኑት፤ ለዓመታት የቆመ መኪና የፍሬን ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ፍሬኑን ይይዛል፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ይፈነዳል። የተሽከርካሪ ጎማውንም ጥርሱ ስላላለቀ አትመኑት፤ ጎኑ ላይ ከታተሙት 4 አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ስለሚናገሩ ጎሚስታው ዘንድ ሄዳችሁ የአምስቱንም ጎማዎች አንብቡ፤ ትርፍ ጎማው ከሁሉም ያረጀ ሆኖ ይገኛልና።