የ7 ዓመት ልጅ ለሰው ቤት?

ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ የጫማውን ክር ማሰር ገና አልቻለም። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መኳንንት ግን ልጆቻቸውን በዚህ ዕድሜ ሌላ ጌታ ቤት ወይም ንጉሥ ዘንድ ብላቴና አድርገው ይልኩ ነበር አሉ። አንጀታቸው እንዴት ቻለ? የመስፍን ልጅስ ሳህን ያቀርባል?

መልስ 1፦
ያቀርባል እንጂ! ወይን መቅዳት፣ እጅ ማስታጠብ፣ ሲያድግ ደግሞ ሥጋ በወጉ መቁረጥ። ለጌታ መታዘዝ ክብር እንጂ ውርደት አልነበረም። ልጁ የገበታ ሥርዓትና ፈረስ መጋለብ ይማራል፤ 14 ገደማ ሲሞላው ጋሻ ጃግሬ ይሆናል። ወላጆቹም ሞኞች አይደሉም፤ ከኃያል ቤት ጋር ዝምድና እየሸመቱ ነው።

መልስ 2፦
እኔ የምወደው የእንግሊዙን ዝነኛ ፈረሰኛ ባላባት፣ ዊልያም ማርሻልን ነው። ገና ሕፃን ሳለ፣ በ1152፣ አባቱ ለንጉሥ እስጢፋኖስ መያዣ ሰጠው። ከዚያም ቃሉን አጠፈ! ንጉሡ ልጁን ሊሰቅለው ይችል ነበር፤ አልጨከነም። በኋላ ኖርማንዲ (የዛሬዋ ሰሜን ፈረንሳይ)፣ ዘመዳቸው የታንካርቪል ጌታ ቤት ተላከ። እዚያ ሥራው መብላትና መተኛት ብቻ ነው እያሉ "ሆዳም" የሚል ቅጽል አወጡለት። ያ ሆዳም በ1216 የሕፃኑ ንጉሥ የሄንሪ ሣልሳዊ እንደራሴ ሆነ።

ጠያቂው፦
የኔውም መብላቱን ተክኖታል፤ የቀረው እንደራሴነቱ ነው 😄 ግን ያ አባት... ቃሉን ሲያጥፍ ልጁ ትዝ አላለውም?

መልስ 2፦
ልጁ ቢሞትም ሌላ መውለድ እችላለሁ አለ ይባላል።