የትምህርት ቤቱ አፕ ላይ ምንባቡ ከመጀመሪያው ክፍል አላልፍ አለ፣ እባካችሁ ቶሎ

እናት የሁለት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ልጄ ነገ ጠዋት የምትጠየቀው ምንባብ አለ፣ በትምህርት ቤቱ አፕ ነው የተላከው፣ ሲከፈት የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ይታይና በቃ እዛው ያልቃል። ቀጣይ የሚል ነገር የለውም። ወደ ኋላ ልትመለስ ስትል ደግሞ ጭራሽ ከአፑ ያስወጣታል፣ እንደገና ከትምህርቶቹ ዝርዝር ጀምሮ ፍለጋ ነው። አስተማሪዋ በዚህ ሰዓት ስልክ አያነሱም። ምን ላድርግ?

ቶሎ መላሽ፦
አፑን አጥፊውና እንደገና ጫኚው። የኔም እንደዛ ነው የተስተካከለው።

የወረቀት ወዳጅ፦
እህቴ እኔ የምልሽ፣ ልጆች ስልክ ላይ ዓይናቸው ይሮጣል እንጂ አያነቡም። ረዥም ምንባብ በወረቀት መሆን አለበት፣ ይሄን ለትምህርት ቤቱ ደጋግመን መንገር ያለብን እኛ ወላጆች ነን። ለዛሬው ግን ምንባቡ ሲከፈትላት እያንዳንዱን አንቀጽ ከጨረሰች በኋላ ስልኩን ገልብጣ የገባትን በራሷ አፍ ትንገርሽ። ሳታነብ ያለፈችው ያኔ ይታወቃል።

መምህርት ነኝ፦
ተበላሽቷል ብለሽ አትደምድሚ። እኛ አስተማሪዎች ስንጭነው ክፍል በክፍል እንዲከፈት ማድረግ የሚቻልባቸው አፖች አሉ፣ የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ካልተመለሰ ሁለተኛው ተቆልፎ ነው የሚቆየው። የቁልፍ ምልክት ታያለች?

እናት የሁለት፦
ጥያቄም ቁልፍም የለም መምህርት፣ ጓደኛዋ ጋር እስከ መጨረሻው ይታያል አሉ። ልጄ የምታነበው በአያቷ ስልክ ነው፣ ለውጥ አለው እንዴ?

ቶሎ መላሽ፦
አጥፍተሽ ጫኚው አልኩሽ እኮ።

ስልክ ጠጋኝ፦
ኧረ እንዳታጠፊው! ያልተላከ መልስ ካላት ይጠፋል፣ ዳውንሎድ ያደረገችውም አብሮ ይሄዳል፣ ፓስወርዱን ካላስታወሰች ደግሞ ሌሊቱን በር ላይ ናችሁ። ግድ ከሆነ ካሹን፣ ማለትም አፑ ለጊዜው ያስቀመጠውን ብቻ አጽጂ፣ ዳታ የሚለውን እንዳትነኪ፣ እሱ ከአካውንቷ ያስወጣታል።

የማታ ተማሪ፦
ሃሃ የአያት ስልክ ካልሽማ አንድ ቃል ስክሪኑን ይሞላዋል። ሳልቀልድ ግን ችግሩ እሱ ይመስለኛል። ፊደሉ በጣም ሲተልቅ አንዳንድ አፖች ላይ ታች ያለው ቀጣይ የሚለው በተን ከስክሪኑ ውጪ ይገፋል፣ አለ ግን አይታይም። መጀመሪያ ስልኩን አጋድመሽ ሞክሪ። ካልሆነ ሴቲንግ ግቢ፣ ዲስፕሌይ፣ ፎንት ሳይዝ የሚለውን ወደ መካከለኛ መልሺው፣ ዲስፕሌይ ሳይዝ የሚልም ካለ እሱንም ቀንሺ። የት እንደነበረ ያዢና ስትጨርሱ ለእማማ መልሺላቸው፣ እሳቸውም ማንበብ አለባቸው።

ከአፑ የሚያስወጣት ደግሞ የስልኩን ባክ ስለምትጠቀም ይሆናል። አፑ ውስጥ ላይ በኩል ቀስት ካለ በእሱ ትመለስ። ስልኩ በማንሸራተት የሚሰራ ከሆነ ከስክሪኑ ጠርዝ ስትጎትት ስልኩ ባክ አለች ብሎ ነው የሚወስደው፣ ከመሃል ትጎትት።

ስልክ ጠጋኝ፦
ትክክል ነው። ስልኩ የቆየ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ገብተሽ አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው የሚለውንም አፕዴት አድርጊው፣ ብዙ አፖች ጽሑፍ የሚያሳዩት በእሱ በኩል ነው፣ ሲያረጅ ገጹ ተቆርጦ ወይም ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

መምህርት ነኝ፦
ሰዓቱ ከሄደባችሁ ጓደኛዋ ስክሪንሾት አንስታ ትላክላት። የአያቷንም ስልክ ስክሪን አንሺና ነገ ለአስተማሪዋ ይዛ ትሂድ፣ ካላሳየናቸው እኛ ጋር እንዴት እንደሚታይ አያውቁም። እናት የሁለት፣ ሆነልሽ?

አዲስ ገቢ፦
የኔ ወንድም ላይም ይሄው ነው፣ በተኑ ግማሹ ተቆርጧል። ግን አይፎን ነው፣ የት ነው የሚቀነሰው?

የማታ ተማሪ፦
ሴቲንግ፣ ዲስፕሌይ ኤንድ ብራይትነስ፣ ከዛ ቴክስት ሳይዝ። ቀንሰህ አፑን ሙሉ በሙሉ ዝጋና ክፈተው።