የቲቢ መድኃኒቱ ሲያልቅ የእናቴ ዋርፋሪን እንዴት ይሁን?

ጤና ይስጥልኝ። የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ፤ በጣም ጨንቆኛል።

እናቴ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ስላላት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ትወስዳለች። ቲቢ ይዟት የቲቢ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲን ስትጀምር አይኤንአሯ (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ከ2 በታች ወረደ። ሪፋምፒሲን የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያበዛ ዋርፋሪኑ ቶሎ ተሰባብሮ ያልቃል አሉን። ከ5 ሚሊግራም ወደ 10 ከፍ ተደረገላት፤ ልኩም ተስተካከለ።

አሁን የ6 ወሩ ሕክምና ሊያልቅ ነው። ኢንዛይሞቹ ወደ ቀድሞ ልካቸው የሚመለሱት ወዲያው ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ነው። ታዲያ በዚያ መሃል 10 ሚሊግራሙ በዝቶባት ደም ቢፈሳትስ? ራሳችን እንዳንቀንሰው ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል ብዬ እፈራለሁ። ቀጠሮዋ ገና ከወር በኋላ ነው። ሐኪሟን ቀጠሮውን አስቀድሙልን ልበል? አይኤንአሩስ በየስንት ቀኑ ይለካ? ድድ መድማትና የቆዳ መበለዝ እየተከታተልኩ ነው፤ ሌላ ምን ልይ?